የጉለሌው መስታወትና ሰኞ ሰኞ የሚነሳው ታይፎይድ

(በባቻችን የ20ኛ ዓመት የመገናኛ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



አዘጋጅ ኮሚቴው "ስለ መስታወቱ 20 ደቂቃ ተናገሪ" ብሎኝ ነው እዚህ የቆምኩት። በ20 ደቂቃ ውስጥ ተመላላሽ ክፍል አራት ታካሚ ነው የማየው፤ ስለዚህ ቶሎ ቶሎ ብናገር ልማድ ሆኖብኝ ነውና ታገሱኝ። ነገ ጠዋት ጉለሌ ሄዳችሁ ስለምታዩት፣ ዛሬ ማታ ደግሞ ስለ አሥራ ሁለተኛው ሳጥን ድምፅ ስለምትሰጡ፣ ከዚያ በፊት ማወቅ ያለባችሁ ነገር አለ። የተወሰነው እኔን የሚያስመሰግን አይደለም።

ከዚያው ልጀምር። በ2015 ዓ.ም. ሐሳቡ በቴሌግራም ግሩፓችን ላይ ሲቀርብ ከተቃወሙት አንዷ እኔ ነበርኩ። ታስታውሳላችሁ፤ በሞት የተለዩንን ሦስት ጓደኞቻችንን የሚያስታውስ አንድ ነገር እናቁም ተባለ። አንዱ ሐውልት አለ፣ ሌላው የመታሰቢያ ሽልማት አለ፣ ከመካከላችን አንዷ ደግሞ "ታካሚ በሚጠብቅበት አዳራሽ ውስጥ ትልቅ ባለቀለም መስታወት እንሥራ፣ እንደ አፍሪካ አዳራሹ ዓይነት" አለች። እኔ "ለታማሚ መስታወት አይታዘዝም፤ በብሩ የኦክስጅን ማምረቻ መሣሪያ እንግዛ" ብዬ ጻፍኩ። የአውራ ጣት ምልክት ጎረፈልኝ፤ ድምፅ ሲሰጥ ግን ተሸነፍኩ። ከዚያ ምን ሆነ? በእኛ አገር ስብሰባ እንደሚሆነው፣ "ሥራውን የተቃወመችው ትከታተለው፤ ደግሞም የምትሠራው ጉለሌ ነው" ተባለና ሥራው በእኔ ላይ ወደቀ።

የአፍሪካ አዳራሹን መስታወት ያላያችሁ ልጆች እዚህ ስላላችሁ ትንሽ ልንገራችሁ። እኔ መጀመሪያ ያየሁት አራተኛ ዓመት ሳለን፣ ለአንድ የጤና ስብሰባ አስተናጋጅ ሆነን የሄድን ጊዜ ነው። ስለ ስብሰባው የማስታውሰው ነገር የለም። የማስታውሰው ነጭ ሸሚዜ ላይ ቀይና አረንጓዴ ብርሃን ወድቆ እጄን ሳንቀሳቅስ ቀለሙ እጄ ላይ ሲሄድ ነው። ጓደኛዬ "ምን ፈዘዝሽ፣ ወረቀቱን አድይ እንጂ" እያለች ትጎሽመኝ ነበር።

ሕንፃውን የነደፉት ጣሊያናዊው አርክቴክት አርቱሮ መዜዲሚ ናቸው፤ የአዲስ አበባን ማዘጋጃ ቤትም የነደፉት እሳቸው ናቸው። አዳራሹ የተመረቀው በ1953 ዓ.ም. ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በግንቦት 1955 ዓ.ም.፣ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ቻርተር እዚያው ተፈረመ። ፎቅ የሚያህለውን መስታወት የሠሩት ደግሞ የዓለም ሎሬት አፈወርቅ ተክሌ ናቸው። ሦስት ክፍል አለው፤ የአፍሪካን ያለፈ ሐዘን፣ የዚያን ጊዜውን ትግልና የመጪውን ዘመን ተስፋ ያሳያል። በጠቅላላው 150 ካሬ ሜትር ይሆናል። አስቡት፣ አፈወርቅ ያን ጊዜ 30 ዓመት አልሞላቸውም። እኛ በዚያ ዕድሜ ገና ሬዚደንሲ እንፈተን ነበር።

አንኮበር ነው የተወለዱት፣ በ1925 ዓ.ም.። ከጦርነቱ በኋላ ወደ እንግሊዝ አገር የተላኩት የማዕድን ምህንድስና እንዲማሩ ነበር። እዚያ ከደረሱ በኋላ ወደ ሥነ ጥበብ ዞሩ፤ ለንደን በሚገኘው ስሌድ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተማሩ። ወላጆቻችሁ "ሐኪም ሁኑ" ብለው የላኳችሁና ልባችሁ ሌላ ቦታ የነበረ ልጆች እዚህ ስንት ናችሁ? እጅ አታውጡ፤ መምህሮቻችን ተቀምጠዋል። ነገር ግን እኔ ሳስበው አፈወርቅ ከማዕድን ብዙ አልራቁም። መስታወት ቀለም የሚያገኘው ከብረታ ብረት ኦክሳይድ ነው። ሰማያዊው ከኮባልት፣ አረንጓዴው ከብረት፣ ከቀዩ ጥቂቱ ከመዳብ፣ ውድ የሆነው ቀይ ደግሞ ከወርቅ። ቀለሙ መስታወቱ ሲቀልጥ አብሮት የተቀላቀለ ስለሆነ ዝናብ አያጥበውም፣ ፀሐይ አታደበዝዘውም። የፈረንሳይ ካቴድራሎች ላይ ያለው ሰማያዊ ከ800 ዓመት በኋላም ያው ሰማያዊ ነው።

አሁን ወደ ጉዳዩ ልግባ። ያ የአፍሪካ አዳራሽ መስታወት የተነደፈው በኢትዮጵያዊ እጅ ነው፤ መስታወቱ ግን የተሠራው ፈረንሳይ ነው። በ2017 ዓ.ም. አዳራሹ ታድሶ ሲከፈትም መስታወቱን ያደሱት ከፈረንሳይ የመጡ ባለሙያዎች ናቸው። ይህን የምለው ለወቀሳ አይደለም። ያንን ያህል ባለቀለም መስታወት የሚያቀልጥ፣ ቀለም ቀብቶ ከ600 ዲግሪ በላይ በሆነ እቶን የሚያበስል፣ በእርሳስ ዘንግ እያያያዘ የሚያቆም ወርክሾፕ ያን ጊዜ እዚህ አልነበረም። ስድስት ኪሎ አደባባይ ላይ ያለውን የየካቲት 12 ሰማዕታት ሐውልት በየቀኑ ታክሲ ውስጥ ሆኜ አልፈዋለሁ፤ የነሐስ ቅርጾቹን የሠሩት የዩጎዝላቪያ ቀራፂዎች፣ አውጉስቲንቺችና ክርሺኒች ናቸው። ሐዘኑ የእኛ ነው፣ ነሐሱን የቀረፁት እነሱ ናቸው። ስለዚህ ኮሚቴያችን መጀመሪያ ያደረገው ነገር ምንድነው? ወደ ውጭ አገር ዋጋ ጠየቀ። መልሱ በዶላር መጣ። ዶላሩን አይተን ሁላችንም ዝም አልን፤ ግሩፑ ላይ ሦስት ቀን ማንም ምንም አልጻፈም።

ከዚያ በኋላ ነው "ጉለሌ ውስጥ እንሥራው" የተባለው። ወጣት ሠዓሊ ተገኘ፣ ከዓለ የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤት የተመረቀ፤ ስሜ ይቅር ስላለኝ አልጠራውም። መርካቶ መስታወት ቤቶቹን አብረን ዞርን። ያለው መልኩ ይኸው ነው፤ ነጭ፣ ብሮንዝ የሚሉት ቡናማ፣ ፊት የሚያሳየው ሰማያዊና አረንጓዴ፣ አበባ የታተመበት የመታጠቢያ ቤት መስታወት። "ቀለም እንቀባው" ያሉም ነበሩ። ሳይበስል የተቀባ ቀለም ሁለት ክረምት አይቆይም፣ ይላጣል። "ስቲከር እንለጥፍ" ያለም አለ፤ እሱ ዛሬ ስላልመጣ ስሙን ባልነግራችሁ ይሻላል።

በመጨረሻ ሠዓሊው ያለው ይህንን ነው፦ "ዶክተር፣ እዚህ አገር እውነተኛ ባለቀለም መስታወት በብዛት ያለው ጠርሙስ ላይ ነው።" ልክ ነበር። የቢራ ጠርሙስ ቡናማ የሆነው ብርሃን ቢራውን እንዳያበላሽ ነው፤ እኛ የምናዝዘው ሽሮፕ ቡናማ ጠርሙስ ውስጥ የሚገባውም ለዚሁ ነው። ቀለሙ ላዩ ላይ የተቀባ አይደለም፤ እንደ ካቴድራሎቹ መስታወት ውስጡ የቀለጠ ነው። ከእኛ አንዱ "እንግዲያው የሆስፒታል የመድኃኒት ጠርሙስ እንጠቀም፣ ትርጉምም ይኖረዋል" አለ። ትርጉሙ ይቅርብኝ አልኩ። መርፌ የነካው ጠርሙስ የሚሄደው ወደ ማቃጠያ ነው፣ ወደ ግድግዳ አይደለም። ስለዚህ ቁራሌዎችን አነጋገርን። በየሰፈሩ "ቁራሌው" እያሉ የሚዞሩት ልጆች ናቸው ጠርሙሱን ያመጡልን። ሽሮ ሜዳ የሚዞር አንድ ልጅማ አረንጓዴውን ለይቶ ያስቀምጥልን ጀመር፤ "ለዶክተሯ ግድግዳ" እያለ ዋጋ ጨመረብን።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አዳራሹ ምሥራቅን የሚያይ ግድግዳ ነበረው፣ ወርዱ 6 ሜትር ቁመቱ 3 ሜትር፤ 18 ካሬ ሜትር ማለት ነው። ከአፍሪካ አዳራሹ አንድ ስምንተኛ እንኳን አይሞላም፣ ልብ በሉ። እሱን 1 ሜትር በ1.5 ሜትር በሆኑ 12 የብረት ሳጥኖች ከፈልነው። በእያንዳንዱ ሳጥን ውስጥ ሁለት ኢንች ተኩል ከሆነ ቧንቧ የተቆረጡ ቀለበቶች ይደረደራሉ፣ 200 ገደማ። ቀለበቶቹ እርስ በእርስ ይበየዳሉ። በየቀለበቱ ውስጥ የጠርሙሱ ታችኛው ክብ ተቆርጦ በሲሊኮን ይያዛል። ጠርሙሱ የሚቆረጠው ውኃ እየፈሰሰበት በዳይመንድ ዲስክ ነው፤ በደረቁ ከተቆረጠ ብናኙ ለዓይንም ለሳንባም አይበጅም። ከውጭ በኩል 6 ሚሊ ሜትር ድርብ መስታወት ይሸፍነዋል፤ የጉለሌን በረዶ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፣ ከእንጦጦ ሲወርድ ቆርቆሮ ይቀጠቅጣል። የውጩ መስታወት ብቻውን 270 ኪሎ ግራም ይሆናል። መሐንዲሱ "ይሄ ብሎኬት ላይ አይሰቀልም" ብሎ ክብደቱን በሙሉ ወደ ኮንክሪቱ ቢም አዛወረው። እሱ ባይኖር ኖሮ ነገ አንወስዳችሁም ነበር።

አንድ ስብራት ገጥሞናል። ለሙከራ ብሮንዝ መስታወት ገጥመን በሦስተኛው ቀን ጠዋት ቀጭን ድምፅ አሰማና ከጥግ እስከ ጥግ ተሰነጠቀ። ማንም አልነካውም። ጠቆር ያለ መስታወት ፀሐይ ይጠጣል፤ መሃሉ ሲሞቅ ብረት ውስጥ የተቀበረው ጠርዙ ቀዝቃዛ ይሆናል፤ መሃሉ ሊሰፋ ይፈልጋል፣ ጠርዙ አልሄድም ይላል። ከዚያ በኋላ ነጭ መስታወት አደረግን፤ ጠርዙንም በላስቲክ ከብረቱ አራቅነው።

አሁን ወደ ከበደኝ ነገር ልምጣ።

ብየዳው የሚሠራው አዲሱ ገበያ ጀርባ ባለ አንድ ወርክሾፕ ነበር። ሐምሌ ነው፣ ዝናብ ነው፣ በሩ ተዘግቷል። ስገባ ነጭ ጭስ ክፍሉን ሞልቶታል፤ ጉሮሮዬ ላይ ጣፋጭ ብረት ብረት የሚል ነገር ተሰማኝ። ከበያጆቹ አንዱ መነጽሩን አንስቶ "ዶክተር! አወቁኝ?" አለኝ። ሠላሳ የሚሆነው ቀጭን ልጅ ነው። አላወቅኩትም። "እርስዎ ነዎት እኮ ከታይፎይድ ያዳኑኝ፣ ሁለት ጊዜ" አለ። ደስ አለኝ፣ አልዋሻችሁም። ሐኪም ሲመሰገን ደስ ይለዋል። "አሁንስ ደህና ነህ?" አልኩት። ሳቅ ብሎ "ይመስገን፤ ብቻ ታይፎይዴ ሰኞ ሰኞ ይነሳብኛል" አለ።

ሰኞ ሰኞ።

ይህችን ቃል በዚህ አዳራሽ ያለ ሰው በሙሉ ተምሯታል፣ አንድ መስመር ሆና፣ ለፈተና። በዚንክ የተለበጠ ብረት ሲበየድ ዚንኩ ይተናል። ዚንክ በ907 ዲግሪ ይፈላል፤ ብረቱ የሚቀልጠው ግን ከ1,400 ዲግሪ በላይ ነው፤ ስለዚህ ብረቱ ሳይቀልጥ በፊት ዚንኩ ጭስ ሆኖ ሳንባ ውስጥ ገብቷል። ከአራት እስከ አሥር ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ብርድ ብርድ ይላል፣ ትኩሳት ይነሳል፣ ራስና መገጣጠሚያ ያማል፣ ያስላል። በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ በራሱ ይለቃል። ሰውነት በሳምንቱ ውስጥ ይላመደዋል፣ እሑድ ሲያርፍ ልምዱን ይረሳል፣ ሰኞ እንደገና ይጀምራል። ለዚህ ነው በጥንቱ መጽሐፍ "የሰኞ ትኩሳት" የተባለው።

ወደ ሥራ ቦታዬ ተመልሼ ካርዱን አስወጣሁ። የእኔ የእጅ ጽሑፍ ነው። ሁለቱም ጊዜ የመጣው ማክሰኞ ጠዋት ነው። ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ የራስ ምታት። ዊዳል ታዟል፣ "ፖዘቲቭ" ተብሏል። እዚህ አገር ላደገ ሰው ዊዳል ፖዘቲቭ መውጣቱ ምን እንደሚነግረንና ምን እንደማይነግረን ለእናንተ አላስተምርም። ሲፕሮፍሎክሳሲን አዘዝኩ። በማግስቱ ዳነ። በእርግጥ ይድናል! ባላዝለትም ይድን ነበር። "ሥራ" ከሚለው ቃል ፊት ለፊት ያለው ቦታ ሁለቱም ካርድ ላይ ባዶ ነው። ምን እንደሚሠራ አልጠየቅኩትም። ሦስተኛውን ጊዜ እኔ ጋ አልመጣም፤ የመድኃኒቱን ስም ስለሚያውቅ ራሱ ከፋርማሲ ገዛ። አራተኛውንም እንደዚያው። ስንት ዙር ያለ በሽታው አንቲባዮቲክ እንደወሰደ ስጠይቀው "አልቆጠርኩም፣ ግን ሁሌም ያድነኛል" አለኝ።

ይበልጥ ያመመኝ ግን ሌላ ነው። የእኛ ቀለበቶች የተቆረጡት ከቁራሌ ከተገዛ አሮጌ የውኃ ቧንቧ ነበር። ርካሽ ስለሆነ እኔው ነኝ ያጸደቅኩት። የውኃ ቧንቧ ደግሞ ጋልቫናይዝድ ነው፣ ማለት በዚንክ የተለበጠ ነው። 2,200 ቀለበት፣ ከ4,000 በላይ የብየዳ ነጥብ፣ በተዘጋ በር ውስጥ። ጓደኞቻችንን የሚያስታውስ መስታወት እየሠራን።

ሥራውን በማግስቱ አስቆምኩ። ጠቡ የመጣው ከዚያ ነው። የወርክሾፑ ባለቤት፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ሰው፣ ክፉኛ ተቆጡ። "ዶክተርዬ፣ 30 ዓመት በይጃለሁ። ወተት እንጠጣለን እኮ! በየቀኑ ግማሽ ሊትር።" ጋሼ፣ ወተት ወደ ሆድ ነው የሚሄደው፣ ጭሱ ወደ ሳንባ ነው የሚሄደው፤ መንገድ ላይ አይገናኙም አልኳቸው። አልሳቁም። ዓይንም እንደዚያው ነው፤ የብየዳ ብርሃን ዓይንን የሚያቃጥለው ማታ ነው፣ ሰው ቤቱ ከገባ በኋላ፣ አሸዋ የተረጨበት ያህል። በያጆቹ የተከተፈ ድንች ዓይናቸው ላይ አስረው ያድራሉ። ድንቹ ቀዝቀዝ ያደርጋል፣ ክፋት የለውም፤ በሁለት ቀን ውስጥ የሚሽረው ግን ዓይኑ ራሱ ነው። ከቤተሰቡ ስድስቱም በያጅ የሆነ አንድ ልጅ "እኛ ቤት ድንች ለወጥ አይተርፍም" አለኝ፤ እኔም እነሱም ሳቅን፣ ከዚያ ዝም አልን።

ኮሚቴውም ጫን ጫን ያለብኝ ጊዜ ነበር። ቀኑ ደርሷል፣ ብሩ ተከፍሏል፣ ከውጭ አገር ቲኬት የቆረጡ አሉ። ግሩፑ ላይ የተጻፈልኝን ሁሉ አላነበውም፤ አብዛኛው ልክ ነበር። ሦስት ሳምንት ቆመ። ከዚያ አዲስ ጥቁር ቧንቧ ተገዛ፣ ዚንክ የሌለው፤ ከአሮጌው ብዙ ይወደዳል። ብየዳው ወደ ደጅ ወጣ፣ የሸራ ጣሪያ ሥር፣ ነፋስ በሚገባበት። ጭስ መሳቢያ ማራገቢያ ተገዛ። ለአምስቱም በያጆች በራሱ የሚጠቁር የብየዳ ማስክና የአፍንጫ መሸፈኛ ተገዛ። የቀረውን ዚንክ በአሲድ እናጥበው ያለም ነበር፤ አንዱን ጭስ በሌላ ጭስ መተካት ነው ብዬ ቧንቧው ወደ ቁራሌ ተመልሶ ተሸጠ። ይህ ሁሉ ብር የወጣው ከአሥራ ሁለተኛው ሳጥን ነው።

ከዚያ ወዲህ ልጁ ሰኞ ትኩሳት አልያዘውም። እየደወልኩ እጠይቀዋለሁ፣ በየሳምንቱ ማክሰኞ፤ አሁን አሁን ስደውል "ደህና ነኝ ዶክተር" ብሎ ሰላምታም ሳልጨርስ ይዘጋዋል። ተሰልችቷል። ካርዱም ላይ "ሥራ፦ በያጅ" ብዬ ጽፌያለሁ። እኔ ጋ የሚመጣ ትኩሳት ያለበት ሰው ሁሉ አሁን ምን እንደሚሠራ ይጠየቃል። እስከ ዛሬ ሁለት በያጅና አንድ ጋልቫናይዝድ አጥር ሠሪ አግኝቻለሁ፤ ከሦስቱ አንዱ እውነተኛ ታይፎይድ ነበረበት፣ በደም ካልቸር የተረጋገጠ። ስለዚህ ወደ ሌላኛው ስህተት እንዳልሄድም እጠነቀቃለሁ።

አሁን ነገ ስለምታዩት። ከታች በስተግራ ያሉት አራት ሳጥኖች ሥራው ሳይቆም በፊት ያለቁ ናቸው፤ በአሮጌው ቧንቧ የተሠሩት። አውልቀን እንጣላቸው ወይ ብለን ተነጋገርን። የበየዳቸው ልጅ ነው "ከተሠራ በኋላ ምን ያደርጋል፣ ጭሱን እንደሆን ውጬዋለሁ" ያለው። እንደ ተሠሩ ተሰቀሉ። ብትጠጉ ልዩነቱን አታዩትም፣ ሁሉም በአንድ ቀለም ተቀብቷል። እኔ ግን የትኞቹ እንደሆኑ አውቃለሁ፤ በየቀኑ ከሥራቸው አልፋለሁ።

ስለ ሦስቱ ጓደኞቻችንም እንዲሁ። ስማቸው ይጻፍ አይጻፍ ብለን ስንት ማታ እንደተከራከርን ታውቃላችሁ። አልተጻፈም። ነገር ግን ከ2,200ው ክቦች ውስጥ ሦስት ብቻ ሰማያዊ ናቸው። ሰማያዊ ጠርሙስ እዚህ ከተማ አይገኝም ለማለት ይቻላል፤ የሽሮ ሜዳው ቁራሌ አራት ወር ፈልጎ ነው ያመጣቸው፣ ስንት እንዳስከፈለኝም አልናገርም። የት የት እንዳሉ ራሳችሁ ፈልጉ።

ኦክስጅኑስ? ብላችሁ የምትጠይቁኝ አላችሁ፤ ትናንት ማታም ተጠይቄያለሁ። አሁን ድምፅ ስጪ ብባል እንደገና ለኦክስጅን መሣሪያው ነው የምሰጠው። መስታወቱን ወድጄዋለሁ፤ አዳራሹ ውስጥ ልጅ የታቀፉ እናቶች ወረፋ ሲጠብቁ ልጆቹ የወደቀባቸውን ብርሃን ሊይዙ እጃቸውን ሲዘረጉ አያለሁ፣ የራሴን ነጭ ሸሚዝም ያስታውሰኛል። ያም ሆኖ ትንፋሽ ያጠረውን ልጅ ወደ ሌላ ተቋም የምልክበት ቀን አለ። ሁለቱም አንድ ሕንፃ ውስጥ ነው ያለው። ደግሞ ኦክስጅኑን ብንገዛ ኖሮ እኔ አዲሱ ገበያ ጀርባ ወዳለው ወርክሾፕ አልገባም ነበር፤ ልጁም እስከ ዛሬ ሲፕሮ ይገዛ ነበር። ይህንን እንዴት እንደማስታርቀው ገና አልጨረስኩም።

የዛሬ ማታው ድምፅ ይኸውላችሁ። አሥራ ሁለተኛው ሳጥን፣ ከላይ በስተቀኝ ያለው፣ ባዶ ነው። ማለት ነጭ መስታወት ብቻ ነው ያለው። በእሱ በኩል የእንጦጦ ባሕር ዛፍ ይታያል። አንደኛው ሐሳብ ብር አዋጥተን እንደ ሌሎቹ በጠርሙስ እንሙላው የሚል ነው፤ ሠዓሊው ይህንን ይፈልጋል፣ ሥራው ጎደሎ ሆኖ መታየቱ ያሳፍረዋል፤ እውነቱን ነው። ሁለተኛው ሐሳብ የእኔ ነው፦ ሳጥኑን እንዳለ እንተወው፣ ለእሱ የሚዋጣው ብር ደግሞ አዲሱ ገበያና ሽሮ ሜዳ አካባቢ ላሉት ሌሎች ብየዳ ቤቶች ማስክና ማራገቢያ ይግዛ። ጋሼ፣ ያ ተቆጥተውብኝ የነበሩት ሰው፣ ቤቶቹን አብረውኝ ሊያዞሩኝ ቃል ገብተዋል። ወተቱን ግን አልተዉትም።

ድምፁ ከእራት በኋላ ነው። እንደ ባለፈው ብሸነፍ አላኮርፍም፤ ያኔም ሥራውን መልሳችሁ ለእኔ እንደምትሰጡኝ አውቀዋለሁ።

ነገ አውቶብሱ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ከሆቴሉ በር ይነሳል። እባካችሁ አታርፍዱ። ግድግዳው ምሥራቅን ነው የሚያየው፤ ብርሃኑ ወለሉ ላይ የሚወርደው ከ1 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። በያጆቹም ሥራ ከመግባታቸው በፊት ብቅ ይላሉ፤ ሰላም በሏቸው፣ የሠሩትንም ራሳቸው ያሳዩዋችሁ። ከ4 ሰዓት በኋላ ከመጣችሁ ግን የቢራ ጠርሙስ ብቻ ነው የምታዩት።